የሦስተኛ ፎቋ ፊት ነሺ

ሰኔ 12

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልዩ ናት። «እማዬ፣ የሆድሽን እዚህ ላይ ጻፊው፤ ማታ ማታ እኔ ላይ አታራግፊው» ብላ። ልጅ አሳድጎ ምላሹ ይኼ ነው። ሆቴል እንግዳ ስትቀበል፣ ቀኑን ሙሉ ለማታውቀው ሰው ፈገግ ስትል ውላ ስለምትመጣ ግን እውነቷን ነው ብዬ ተቀበልኩ። ደግሞም በጥቅምት ልድራት ነው። ከሙሽራ ጋር አልጣላም።

የደብተሩ መስመር በጣም ጠባብ ነው። የዘንድሮ ደብተር እንዲህ እየተሠራ ነው መሰለኝ። አንድ መስመር እየዘለልኩ ነው የምጽፈው።

ቤቱን ወድጄዋለሁ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፣ ልዩ ሰርቃ ካነበበችው «አማራሪ» እንዳትለኝ። የድሮው ግቢያችን ለመንገድ የፈረሰ ዕለት አልቅሼ ነበር። አሁን ግን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የራሴ በረንዳ አለኝ። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ታች ጥሎ ንጹሑን ይዞልኝ ይመጣል። ወንበሬን አውጥቼ ሻዬን ስጠጣ ባለቤቴ ኃይለየሱስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ሳያይ መሄዱ ይቆጨኛል።

የማይጥመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዉ። ከገባን ጀምሮ ሰላም የሚለኝ የለም። በድሮው ግቢ በሬን ስከፍት ገና «እትዬ ሮማነወርቅ፣ እንዴት አደሩ!» የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው ነበር። እዚህ በግቢው መሃል ሳልፍ ሁሉም ጭጭ። እኔም ጭጭ ብዬ አልፋለሁ። ምን አለብኝ።

ሰኔ 17

ዛሬ የሰማሁትን ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

ከገበያ ስመለስ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቆም አልኩ፤ ደረጃው ጨለማ ነው፣ አምፖል የሚቀይር የለም። ከላይ ሁለት ሴቶች ልብስ እያሰጡ ያወራሉ። አንዷ ኮከብ ናት፣ ከበሬ ፊት ለፊት ያለችው፣ ድምፅዋን አወቅኩት።

«የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ እኮ ፊት ነሺ ናት! የእግዜር ሰላምታ የማትመልስ። ልጅቷ ደግሞ እንዴት ያለች ሰው መሰለችሽ፤ ከማን እንደወጣች እንጃ።»

ፊት ነሺ። እኔ!

ሰላም ሳትለኝ ሰላም አልመለሰችም ትበለኝ? ዘይቱ እጄ ላይ ከበደኝና ቀስ ብዬ ገባሁ። ለልዩ አልነገርኳትም።

ሰኔ 18

እንቅልፍ ነሳኝ። ይኸው ስጽፈው ራሱ ያው ቃል መጣ።

ሌሊቱን ሳላምጠው አደርኩ። እንቅልፍ ነሳኝ ይባላል፣ ሰላም ነሳኝ ይባላል፣ ጤና ነሳኝ ይባላል። እንቅልፍ፣ ሰላም፣ ጤና፣ ሁሉም ሰው የሚገባው ነገር ነው፤ ሲከለከል ነው ነሳኝ የሚለው። ወርቅ ነሳኝ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ የኔ ፊት ለኮከብ እንደ እንቅልፍ ይገባታል ማለት ነው? ፊቴ የሷ ዕዳ አለበት እንዴ? ኮስታራ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ኮስታራ የራሴ ጠባይ ነው፣ ማንንም አይነካም። ፊት ነሺ ሲሉኝ ግን የሰው ነገር ወስጄ ኪሴ የከተትኩ ያስመስለኛል።

እንቅልፌ መጣ። ቀን ላይ መጣ፣ ስፌት ሱቄ ውስጥ ደንበኛ እየጠበቅኩ።

ሰኔ 25

ጋሽ ተክለሃይማኖትን ጠየቅኳቸው። ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ያረጁ፣ የሕንፃችን እድር ሊቀመንበር ናቸው። ግቢው በር አጠገብ ዛፉ ሥር ወንበር አላቸው፣ የገባውን የወጣውን ያያሉ። ወደሳቸው የሄድኩት ስለ ሠርጉ ድንኳን ነበር፤ ቃሉን እግረ መንገዴን አነሣሁት፣ ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ።

«ፊት ድሮ ደጅ ተጠንቶ የሚገኝ ነገር ነበር» አሉኝ። «ባለጉዳዩ ጌታው ደጅ ይቆማል። መጀመሪያ የሚለምነው መሬቱን አይደለም፣ ቀና ብለው እንዲያዩት ነው። ካዩት ፊት አገኘ ነው፤ ሳያዩት ካለፉ ፊት ነሱት ነው። እኔ ከአባቴ የሰማሁት ይኼን ነው፣ መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት እንዳይመስልሽ።» ከዚያ ሳቁ። «ባለጉዳዩ እጅ ይነሳል፣ ጌታው ፊት ይነሳል። ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ኧረ እኔን አይደለም» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ» አሉኝ፤ እንዳላመኑኝ ድምፃቸው ይናገራል።

የድንኳኑን ነገር ደግሞ «ድንኳኑ የእድሩ ነው፣ ድስቱም የእድሩ ነው፣ አይከለከልሽም» አሉ። «የሚሠራልሽን ሰው ግን እድሩ አያዝልሽም። እሱ በሰላምታ ነው። ትንሽ ሰው ቅረቢ ልጄ።»

ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ። ልዩን ለመዳር ሽንኩርት የሚልጥልኝ፣ ወጥ የሚያማስልልኝ ሰው ያስፈልገኛል። የድሮ ጎረቤቶቼ እንደ ተበተነ እህል የትና የት ሄደዋል። ልዩ «ምግቡን አብሳዮች ይሥሩት፣ እኛ ሆቴል ሁሉም እንዲህ ነው የሚደግሰው» ትላለች። አንድ ልጄን ጎረቤት እንደሌላት ሴት በኪራይ እጅ? አላደርገውም።

ደግሞ እኔን ጌታ ማድረጋቸው! የሰው ቀሚስ ጫፍ ስቀመቅም የምውል ሴት።

ሐምሌ 3

ሱቅ። የሰማያዊው ቀሚስ ባለቤት መጥታ «እትዬ፣ ይኼ ክር ጥቁር ነው እኮ» አለችኝ። ክር ሻጩ ነው ያሳሳተኝ። ፈታሁት። ዝናብ፣ ደመና፣ ሱቁም ጨለማ። በክረምት ስፌት ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ሐምሌ 9

ጋሮምሳ ከአዳሚ ቱሉ ሲመጣ በቆቃ ወርዶ ዓሣ ገዝቶልኝ መጣ። አማቼ ሊሆን ነው፤ የእርሻ ምርምር ባለሙያ ነው፣ ስለ ሽንኩርት ዘር እንደ ልጅ ነው የሚያወራው። ይኼን ልጅ እወደዋለሁ። ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ «እማማ፣ መጣሁ! አካም ቡልቴ!» እያለ ነው የሚወጣው። እንዴት አደሩ ማለቱ ነው፣ ቀትር ላይ ቢሆንም። እኔም ከውስጥ በኦሮምኛው «ነጋ!» እላለሁ፣ ሰላም ነው ለማለት። ሰላምታ እንዲህ ነው፣ ጆሮ የሚሞላ። የዚህ ሕንፃ ሰዎች ከሱ ቢማሩ።

እናቱ ወይዘሮ ጂቱ ሊጠይቁኝ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ባላቸው ካረፉ በኋላ እርሻውን ይዘው ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ሽማግሌ ሲላክ በስም ተዋወቅን እንጂ ገና ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ዓሣውን ጠብሼ በላን። ልዩ «እሾህ አለው፣ ተይ እኔ ላውጣልሽ» ስትል ተቆጣኋት። ሕፃን ነኝ እንዴ።

ሐምሌ 20

ቆረጥኩ። እኔው እቀድማቸዋለሁ። ትልቅነት እንዲህ ነው አልኩ።

አመሻሽ ላይ ስገባ ኮከብ መተላለፊያው ላይ ቆማለች። ሳቄን አምጥቼ «ኮከብዬ፣ እንዴት ዋልሽ! ልጆች ደህና ናቸው?» አልኩ። ዝም። ጠጋ አልኩና ደግሜ «ባለቤትሽስ?» አልኩ። ዝም። ከኋላዬ ልጆች በሳቅ ሲፈነዱ ነው ያየሁት፤ የተሰጣ ብርድ ልብስ ነበር።

መሽቶ ነበር። ማንም ይሳሳታል። ደግሞ ብርድ ልብስ እንደዚያ ቀጥ አድርጎ ሰው ያሰጣል?

ልዩ እስኪያማት ሳቀች፣ እኔም ሳላስበው አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ ድንገት ሳቋን ገታ አድርጋ አየችኝ። «እማዬ፣ መነፅር ለምን አትሞክሪም?» አለች። መርፌ ውስጥ ክር በዚህ እጄ ነው የማሾልከው አልኳት። አሁን አሁን የምታሾልክልኝ የጎረቤት ሱቅ ልጅ መሆኗን መንገር አላስፈለገም። ዓይኗ የደከመ ልብስ ሰፊ ናት ከተባለ ማን ጨርቁን አምኖ ይሰጠኛል?

ዓይኔ ደህና ነው።

ነሐሴ 2

ጾም። ቅዳሴ። ልቤ ጥሩ ነው። ስወጣ የግቢው ሰው በሩ ላይ ነበር። ዝም እንዳሉ አለፍኳቸው። ለበረከቱ ስል ክፉ ላለማሰብ ሞከርኩ፤ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ቻልኩ።

ነሐሴ 18

ምን እንደሆነ አላውቅም። ልዩ ስልክ ይዛ መኝታ ቤት ገብታ ዘግታለች። ታለቅሳለች። በሩን ባንኳኳ «ተይኝ እማዬ» አለችኝ። እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ነሐሴ 19

አሁን አወቅኩት፤ ጋሮምሳ በስልክ ለልዩ የነገራትን ነው።

ትናንት ወይዘሮ ጂቱ መጥተው ነበር። ሳይነግሩኝ፣ ድንገት ላስደስታት ብለው፣ ማር በማሰሮ ተሸክመው። ጋሮምሳ መኪና ሊያቆም ሄዶ እሳቸው በሩ ላይ ከጋሽ ተክለሃይማኖት ጋር ቆመዋል። እኔ ከቤተ ክርስቲያን መጣሁ። ሴትዮዋ ማሰሮውን አስቀምጠው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነስተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔ በአጠገባቸው አልፌ ደረጃውን ወጣሁ።

የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ማሩን ለጋሽ ተክለሃይማኖት ትተው ወደ መኪናው ተመለሱ። ጋሮምሳን «የልጅቷ እናት ፊት ነሳችኝ፤ ገበሬ ናት ብላ ናቀችኝ። ለእንዲህ ያለ ቤት ልጄን አልሰጥም» ብለውታል።

«በሩ ላይ ሰዎች ቆመው ነበር» አልኳት ለልዩ። «የግቢው ሰዎች መስለውኝ ነው።»

«የግቢው ሰዎችስ ቢሆኑ፣ ሰላም አትያቸውም?»

«ሰላም አይሉኝማ!»

«ሁሌም ይሉሻል እማዬ!» ጮኸች። «እጅ ይነሱሻል። አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሁሉም፣ ኮከብ፣ ጋሽ ተክሌ፣ ጥበቃው ሳይቀር። አብሬሽ ሳልፍ የምመልስላቸው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

 ቀስ ብላ «አይተሽ የምትተያቸው መስሎኝ ነበር» አለች። «ኩራት መስሎኝ ነበር። ተቀይረሻል ብዬ ነበር።»

በረንዳው ላይ ወሰደችኝ። ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ ለደመና የማሳብበው ነገር አልነበረም። «ጋሽ ተክሌ ከማን ጋር ነው የተቀመጡት?» አለችኝ። ዛፉን አየሁት። አረንጓዴ ነው። «ዛሬ አልወጡም» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ።

ነሐሴ 21

ዓይኔ ደህና ነው ብዬ መጻፍ ጀምሬ ሰረዝኩት።

እናቴ በመጨረሻው ጊዜዋ ግድግዳውን እየዳበሰች ነበር የምትሄደው። እኔን የምታውቀኝ በእግሬ ድምፅ ነበር፤ አንዳንዴ ሆን ብዬ ቀስ ብዬ እገባለሁ፣ የትኛዋ ልጇ እንደሆንኩ ሳታውቅ ፊቷን ወዲያና ወዲህ ስታደርግ አያለሁ። ፈርቼ ነው። ይኸው ጻፍኩት። ፈርቼ ነው እንጂ ሞኝ ሆኜ አይደለም። ክር ሻጩን፣ ደመናውን፣ አምፖሉን፣ ደብተሩን ሳይቀር ስከስስ ከረምኩ።

የሰላምታው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም ነበር። በድሮው ግቢ ሁሉም በራፌ ላይ ነው፣ ይጮኻል፣ እመልሳለሁ። እዚህ ሰዉ በሩቅ ነው፣ ትልቅ ሰው ናት ብለው በአክብሮት ዝም ብለው ዝቅ ይላሉ። ያከበሩኝን ነው ያዋረድኩት።

ማሩ ጋሽ ተክለሃይማኖት ቤት ተቀምጧል። አልጠይቅም። ሳልታረቅ አልቀምሰውም።

ነሐሴ 25

ዛሬ አዳሚ ቱሉ ሄድኩ። ልዩ አብሬሽ ልሂድ አለች፣ ከለከልኳት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፊቱም የኔ ነው፣ ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ አልኳት። ጋሮምሳ መናኸሪያው ላይ ተቀበለኝ። እንደ ወትሮው አልጮኸም፣ ቦርሳዬን ብቻ ያዘልኝ። ያ ዝምታው ከስድብ በላይ ነበር።

ከመንገዱ እስከ ቤታቸው የሽንኩርት ማሳ ነው። ሽታው ደስ ይላል። ወይዘሮ ጂቱ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ ቀሚሳቸው ቀይ ነው፣ ያን ያህል ይታየኛል። ፊታቸው ግን አይታየኝም። ተቆጥተው ይሁን አዝነው እንጃ። ጋሮምሳ ወደ ኋላ ቀረ። እስኪታዩኝ ድረስ ልሂድ አልኩና ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ትንፋሻቸው እስኪሰማኝ ድረስ። እንደዚያ ተጠግቼ የማላውቀው ሰው ፊት ላይ ቆሜ አላውቅም። እንባቸው አቅርሮ ነበር።

ስመጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋብኝ። «አላየሁዎትም» አልኳቸው። «ዓይኔ ነው። ማንንም አያይም። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለልጄም። ፈርቼ ነው።»

 እጃቸውን ዓይኔ ፊት አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አደረጉ፣ እኔም ተከተልኩት፣ ልክ እንደ ሐኪም። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። «ዓይን ነው እንዴ! ወይ ጉድ፣ እኔ ደግሞ መንገዱን ሁሉ ሳለቅስ ሄጄ! በኛ ዘንድ ሰው የተዘረጋለትን እጅ ከተወ እኮ ልብ ነው የሚሰበረው።»

«በኛም ዘንድ» አልኳቸው። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

እጄን ወስደው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። «ይኸው፣ ፉላ ኮ። ፊቴ ይኼ ነው፣ እወቂው። ሌላ ጊዜ ካላየሽኝ በእጅሽ ፈልጊኝ።» አንቺ አሉኝ። እኔም አንቺ አልኳት። ጂቱ ግንባሯ ላይ ጠባሳ አላት፣ በጣቴ ነው ያገኘሁት፤ ላም ወግታት ነው አለች።

ወተት አጠጣችኝ፣ ምሳ አበላችኝ፣ የልዩን ጠባይ ስታወድስ ዋለች። ስወጣ ለሠርጉ የሚሆነውን ሽንኩርት ከማሳዋ እንደምታመጣ ነገረችኝ። ጋሮምሳ መናኸሪያ ሲያደርሰኝ «እማማ፣ በሰላም ይግቡ!» ብሎ ሰዉ ሁሉ እስኪዞር ጮኸ። ተመስገን።

ጳጉሜን 3

ሐኪም። አንዱ ዓይኔ ላይ ሞራ አለ፣ ከሠርጉ በኋላ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ አይዞሽ አለኝ። ሌላውን መነፅር ያቃናዋል።

መነፅር አደረግኩ።

ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ቀና ብል ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ይዞራሉ። ለካ ይዞራሉ! ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነጭ ነገር ብቻ ነበር የማየው። የባጃጁን ሹፌር ብጉሩን ሳይቀር አየሁት። ቤቴ ገብቼ ደግሞ ደነገጥኩ፤ መስኮቴ ላይ ያለው አቧራ! ከነፋሱ ጋር ያለኝን ፍቅር ትንሽ ቀነስኩት። የልዩ ቀሚስ ላይ የሰፋሁት ጥለት እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚሄደው። ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። ደስ እያለኝ።

መስከረም 4

ደንበኞቼ አልሸሹም። የሰማያዊው ቀሚስ ባለቤት «አሁን ገና ባለሙያ መሰሉ» አለችኝ። እሰይ።

መስከረም 6

ዛሬ ግቢውን ሆን ብዬ ቀስ ብዬ አለፍኩ። እውነት ነው። ጥበቃው ኮፍያውን ነካ አደረገ። የሁለተኛ ፎቋ ልጅ አንገቷን ሰበር አደረገች። ጋሽ ተክለሃይማኖት ከወንበራቸው ብድግ ብለው ተቀመጡ። ለሁሉም ዝቅ አልኩ፣ ወገቤ እስኪያመኝ። አንዳንዶቹ ደንግጠው ወደ ኋላ አዩ፣ ከኋላቸው ያለ ሰው ያየሁ መስሏቸው። ስንት ሰላምታ ነው የበላሁት!

ከዚያ የኮከብን በር አንኳኳሁ። እጇ ሳሙና ነበር። ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት፤ ፍልቅልቅ፣ ጥርሷ ፍንጭት። ስንት ወር ደጇ ላይ ኖሬ።

«ፊት ነሺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት።

ቀላች። «እትዬ… ማን ነገረዎት…»

«ጆሮዬ ደህና ነው። የደከመው ዓይኔ ነው።» ነገርኳት፤ ስለ ጂቱም፣ ስለ ብርድ ልብሱም። ብርድ ልብሱ የሷ ነበር። ሳቋ ከበሩ እስከ ምድር ቤት ወረደ። ከዚያ በእርጥብ እጇ አፏን ይዛ «ይቅር ይበሉኝ» አለች። «የገባችሁ ዕለት ዳቦ ይዤ ደረጃው ላይ ጠብቄዎት ነበር እኮ። ዝቅ ብዬ ሰላም ስልዎ አለፉኝ። ዳቦውን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ፣ ዛሬስ ያዩኝ ይሆን እላለሁ። ጠልቼዎት አይደለም።»

ቤቴ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ክረምቱን በሙሉ በዚያ ቃል ተናድጄ አንድ ነገር አላሰብኩም ነበር። የማንጠብቀውን ሰው ፊት ነሳኝ አንለውም። መንገደኛ ሳያየን ቢያልፍ አልፎ ነው የሚሄደው። ኮከብ ያን ቃል ያለችው ዳቦ ይዛ ስለጠበቀችኝ ነው። ለካ እኔ ብቻዬን የኖርኩ ሲመስለኝ ስጠበቅ ነበር የከረምኩት።

ማሩን ከጋሽ ተክለሃይማኖት ወሰድኩ። «ስለዚያች ስለ ሌላዋ ሴትዮ፣ ነገሩ እንዴት ሆነ?» አሉኝ እየሳቁ።

«ድናለች» አልኳቸው።

መስከረም 29

እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ ደብተሩም ሊሸት ነው። በፍጥነት ልጻፈው፣ እየጠሩኝ ነው።

ጂቱ ሽንኩርቱን ይዛ ጠዋት ደረሰች። ከግቢው በር ጀምሮ እጆቿን ዘርግታ፣ እንዳላልፋት እየጮኸች፣ እኔም ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ «አየሁሽ! አየሁሽ!» እያልኩ። ድንኳኑ ተተክሏል። ሽንኩርቱን ዘርግፌ ማን ይመጣ ይሆን እያልኩ ስቁነጠነጥ የኮከብ በር ተከፈተ። የራሷን ቢላዋ ይዛለች። ከኋላዋ የሁለተኛ ፎቋ፣ ከሷ ኋላ ስማቸውን ገና የማላውቃቸው፣ ሁሉም ቢላዋቸውን ከቤታቸው ይዘው። ማንም አልለመናቸውም። ልዩ በር ላይ ቆማ እንግዳ መቀበያ ፈገግታዋን ልታሳያቸው ሞክራ አልቻለችም፣ አለቀሰች።

ዙሪያውን ተቀምጠን ስንልጥ ዓይናችን ይነዳል፣ እንስቃለን፣ ጂቱ በኦሮምኛ ትቀልዳለች፣ ኮከብ ትተረጉማለች። ኮከብ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «መነፅርዎን ያውልቁት እንጂ እትዬ፣ በሽንኩርት እጅዎ ሊያበላሹት ነው» አለችኝ።

«አላወልቅም» አልኳት። «ገና አይቼ አልጠገብኳችሁም።»